ሳይርበው የሚበላው ሾፌር

አንድ ሾፌር ነበር። ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭኖ አዲስ አበባ የሚያራግፍ ሰው ነው። ረቡዕ ባዶውን ይወርዳል፤ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ጭኖ ይመለሳል። በዚህ መንገድ ላይ አሥራ ስድስት ዓመት ተመላልሷል።

ይህ ሰው ሙዝ ይጭናል እንጂ ሙዝ አይበላም። ለምን መሰላችሁ? የሚጫነው ጥሬ ነው። አረንጓዴ፣ እንደ እንጨት የጠነከረ። የሚበስለው አዲስ አበባ መጋዘን ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ ሾፌራችን ከኋላው ሃምሳ ኩንታል ምግብ ጭኖ፣ ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ ደግሞ የራሱን ስንቅ በፌስታል ይዞ ይጓዛል።

ስንቁ ምንድን ነው? ብስኩት። ዳቦ ቆሎ። ከረሜላ። መንገድ ላይ ትኩሱን የሚገዛው ቦንቦሊኖ። ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ፤ አንዱ ለጠዋት፣ አንዱ ለከሰዓት።

ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው፤ ቀኝ እጁ ፌስታሉ ውስጥ። እጁ ይሄዳል፣ ይመጣል። ይሄዳል፣ ይመጣል። አንዳንድ ቀን ገና ሆሳዕና ሳይደርስ እጁ ባዶ ፌስታል ይዳብሳል። ያን ጊዜ ይገርመዋል። "ማን በላው?" ይላል። ጋቢናው ውስጥ ከእሱ ሌላ ማንም የለም።

አትሳቁ። ከመካከላችን ቆሎ ይዞ አውቶቡስ የተሳፈረ፣ ከተማው ሳይወጣ ቆሎው ያለቀበት ሰው የለም? እጃችሁን አታውጡ፤ እኔም አላወጣም።

ሰውየው ሄራሞ ይባላል። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ለጤና ምርመራ ሄደ። ተመዘነ፣ ደም ሰጠ፣ ተቀምጦ ጠበቀ። ውጤቱን የነገረችው ሲስተር ትርሲት የምትባል ነርስ ናት። ፀጉሯ የሸበተ፣ ቃል የማታበዛ ሴት።

"ጋሽ ሄራሞ፣ ስኳርህ ከፍ ብሏል" አለችው። "በሽታው ገና አልያዘህም፤ ደጅህ ላይ ግን ቆሟል። በዚሁ ከቀጠልክ ኪኒን ይመጣል። ከኪኒኑ በኋላ መርፌ። የእግር ጣቶችህ መደንዘዝ ይጀምራሉ። ፍሬን የምትረግጠው በየትኛው እግርህ ነው?"

"በቀኙ።"

"እንግዲህ እሱን አስበው።"

ሄራሞ ቀኝ እግሩን አየው። ጫማው ውስጥ ጣቶቹን አንቀሳቀሳቸው። ተንቀሳቀሱ።

"መንገድ ላይ ምን ትበላለህ?" ብላ ጠየቀችው። ነገራት። አንዱንም አልደበቀም። እሷም አልተቆጣችም። ወረቀት ሳበችና መጻፍ ጀመረች። "ስንቅህን እንለውጠው። ካሎሪው አነስተኛ የሆነ ነገር ነው የምትይዘው።"

"ካሎሪ ስትይ ምንድን ነው?"

"እንደ ናፍጣ ቁጠረው። አንድ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ ቆሞ እያለ ናፍጣ ብትጨምርበት፣ ብትጨምርበት ምን ይሆናል?"

"ይሞላና ይፈሳል።"

"አንተ ላይ አይፈስም። ይጠራቀማል። ቀኑን ሙሉ መኪናው ነው የሚሄደው፤ አንተማ ተቀምጠሃል።"

ይህ ነገር ገባው። ከዚያ ወረቀቱን ሰጠችው። ካሮት፣ የፈለገውን ያህል። ዘይቱን፣ ሁለት ሦስት። የሽምብራ ንፍሮ፣ አንድ እፍኝ። አንድ ቅቅል እንቁላል። በለስላሳው ፋንታ ውሃ።

"ቆሎስ?" አላት።

"ቆሎ ጥሩ ነው። እፍኝ። ግን ያንተ እፍኝ ምን ያህል እንደሆነ ከሆድህ አያለሁ።"

ሊወጣ ተነሥቶ ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሄራሞ እንዲህ ዓይነት ሰው ነው። መኪናው የማያውቀውን ድምፅ ካሰማ፣ ድምፁ ከየት እንደመጣ ሳያገኝ አይነሣም፤ ወርዶ ከሥሩ ይጋደማል። "ሲስተር፣ አንድ ነገር" አላት። "ቁርሴን በልቼ ነው የምነሣው። ሆሳዕና ምሳ እበላለሁ። መካከል ላይ አልራብም። ካልራበኝ ለምንድን ነው የምበላው?"

ሲስተር ትርሲት ከካርዱ ላይ ቀና አለች። "እሱን እኔ ከየት አውቀዋለሁ? ከእጅህ ጋር የምትውለው አንተ ነህ" አለችው።

ወገኖቼ፣ ስንቶቻችን ነን ይህን ጥያቄ የጠየቅን? ምን ልብላ ብለን እንጠይቃለን። ምን ያህል ልብላ ብለን እንጠይቃለን። የት ርካሽ ይገኛል ብለንም እንጠይቃለን። ለምን እበላለሁ ብሎ ሐኪም ቤት በር ላይ የሚቆም ሰው ግን ጥቂት ነው። ሄራሞ ቆመ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ብስኩቱን ትቶ በካሮት ተነሣ። ሚስቱ አጥባ፣ ቅጠሉን ቆርጣ፣ ጣት ጣት አሳክላ ሁለት ፌስታል ሞላችለት፤ አንዱ ለመውረጃ፣ አንዱ ለመመለሻ። ሐሙስ ጭኖ ሲመለስ ምን ሆነ? ሆሳዕና ሳይደርስ ፌስታሉ ባዶ። ሁለት እስር ካሮት፣ ልክ እንደ ብስኩቱ ጠፋ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ስንቁ ተለወጠ፤ እጁ አልተለወጠም። ካሮቱ ጥሩ ነገር ነው፤ አልጎዳውም። ደግሞ ካሮት አንድ ጥቅም አለው። ብስኩት ዝም ብሎ ነው የሚያልቀው። አፍ ውስጥ ይሟሟል፤ መብላትህን ሳታውቅ ትውጠዋለህ። ካሮት ግን ይጮኻል። ስታኝከው ጆሮህ ይሰማል። እናም ሄራሞ በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እየበላ መሆኑን ሰማ። ሲሰማ ደግሞ አንድ ነገር ታዘበ። ድምፁ መንገዱን ሁሉ እኩል አይሰማም። አንዳንድ ቦታ ጸጥ ይላል፤ አንዳንድ ቦታ ይበረታል።

የት ይሆን የሚበረታው?

የሙዙ ባለቤት እትዬ ፋንታዬ የምትባል ነጋዴ ናት። አንዳንድ ጊዜ ከጭነቷ ጋር አብራው ትጓዛለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ጋቢናው ውስጥ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ያየችውን ሁሉ እያወራች ነው የምትሄደው። አንድ ሐሙስ፣ ከአርባ ምንጭ ሳይወጡ፣ ሄራሞ የካርቶን ቁራጭና እስክርቢቶ አቀበላት።

"እትዬ፣ ዛሬ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እጄ ወደዚህ ፌስታል በሄደ ቁጥር የት እንደደረስን ጻፊልኝ።"

"ለምን ሲባል?"

"ማወቅ ስለምፈልግ።"

"ያምሃል እንዴ?" አለችው። ግን ጻፈች። ወሬዋን እያወራች፣ በመካከሉ እየቆመች ጻፈች። በሚቀጥለው ሐሙስም ጻፈች። በሦስተኛው ሐሙስ እሷ ራሷ ናት ካርቶኑን ያስታወሰችው፤ ነገሩ እሷንም ይዟት ነበር።

በሦስተኛው ጉዞ ሆሳዕና ለምሳ ቆሙ። ምሳው እስኪመጣ እትዬ ፋንታዬ ሦስቱን ካርቶኖች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ደረደረች።

"እየው" አለችው። "ከአርባ ምንጭ እስከ ሶዶ ሁለት ጊዜ። ከሶዶ እስከ አረካ ሦስት። ከሆሳዕና በኋላ ያለውን ተወው፤ ቡታጅራ አካባቢ ትንሽ ትበላለህ፣ ሰልችቶህ ነው። ይሄን እይ ግን። አረካን ካለፍን በኋላ፣ ከድልድዩ ጀምሮ ያቺን ትንሽ ከተማ እስክናልፍ አሥራ አንድ ጊዜ። ባለፈው ሳምንት አሥር። በመጀመሪያው አሥራ ሁለት። መንገዱ እኮ ሃያ ኪሎ ሜትር አይሞላም።"

ሄራሞ ካርቶኖቹን አያቸው።

"ዳገት ነው እንዳልል ሜዳ ነው። ምንድን ነው ያለው እዚያ?"

"ምንም የለም። መንደር ነው።"

"የማን መንደር?"

ምሳው መጣ። አስተናጋጇ ትሪውን አስቀምጣ ሄደች። ሄራሞ እጁን ታጥቦ ነበር፤ ግን አልዘረጋም።

"የእኔ" አለ።

የከተማዋን ስም አልነግራችሁም። ሰዎቹ አሉ፤ ከእናንተም የሚያውቃቸው ይኖር ይሆናል። ሄራሞ የተወለደው እዚያ ነው። ከአስፋልቱ ሁለት መቶ እርምጃ ገባ ብሎ፣ እንሰት የከበበው ቤት አለ። እናቱ እዚያ ኖራለች። በለጠች የምትባለው ታላቅ እህቱ አሁንም እዚያው ትኖራለች። እሱ ግን በየሳምንቱ በዚያ ደጅ ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልቆመም።

ለምን?

ከሰባት ዓመት በፊት፣ አንድ ረቡዕ ማታ፣ በለጠች ደወለችለት። "እማ ደክማለች፤ ትጠይቅሃለች፤ ና" አለችው። እሱ አርባ ምንጭ ነበር። በማግሥቱ ጭኖ ተነሣ። እኩለ ቀን ላይ እናቱ ደጅ ደረሰ። ፍጥነቱን ቀነሰ። ሙዙ ፀሐይ ላይ ቆሞ እንዳይጎዳ አሰበ፤ ባለ ጭነቱ እንዳይቆጣ አሰበ። ዛሬ አራግፌ ነገ ተመልሼ እመጣለሁ፣ ያኔ ረጋ ብዬ እቀመጣለሁ አለ። ነዳጅ ረገጠ። አለፈ።

በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ እናቱ ዐረፈች።

ለለቅሶው መጣ። ድንኳኑ ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በለጠች ቀና ብላ አየችውና እንዲህ አለች። "እማ የመኪናውን ድምፅ ሰምታ 'መጣ' ብላ ነበር። እሱ ግን አልፎ ሄደ።"

ሌላ ምንም አልጨመረችም። ሰው ሁሉ ሰማ። ሄራሞ እስከ ሠልስቱ ተቀመጠ። ከዚያ ወጣ፤ አልተመለሰም።

አሁን እስኪ ንገሩኝ። ያ ሰው ከድልድዩ ጀምሮ ሲበላ የኖረው ምንድን ነው? ብስኩት ነው? ሆዱ ነው የሚጠይቀው? ሆዱማ ጠግቧል። ያንን ቃል ነው ሲያኝክ የኖረው። አፉ ካልተያዘ ይሰማዋል፤ ስለዚህ አፉን ይይዘዋል። እጁ ይህን ያውቅ ነበር። ራሱ ሄራሞ ግን ሦስት የካርቶን ቁራጭ አስፈለገው።

እትዬ ፋንታዬ ይህን ሁሉ ሰምታ አልመከረችውም። እንጀራውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችና "ብላ፤ ይኼኛው ምሳ ነው" አለችው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ብቻውን ነበር። አረካን አልፎ ድልድዩ ሳይደርስ መኪናውን ዳር አስያዘ። ፌስታሉን ከጋቢናው አወጣ፤ ወደ ኋላ ሄዶ ከሸራው ሥር፣ ከሙዙ ጋር አሰረው። ራሱን ሊቀጣ ብሎ አልነበረም። ማወቅ ፈልጎ ነው። እጄ ባዶ ሲሆን ምን ይመጣ ይሆን ብሎ ነው።

ተነሣ። ድልድዩን ተሻገረ። እጁ ወደ ወንበሩ ሄደ። የወንበሩን ልብስ ዳበሰና ተመለሰ። እንደገና ሄደ፤ ተመለሰ። በሦስተኛው አንድ ነገር መጣበት። መጀመሪያ ጥማት መሰለው፤ ውሃ ጠጣ፤ አልሄደም። ከዚያ የእናቱ ድምፅ መጣ፤ ልጅ ሳለ ከማሳ ስትጠራው የነበረው ድምፅ። ከዚያ የድንኳኑ ቃል መጣ። ሙሉው መጣ፤ በሚያኝከው ነገር ሳይሸፈን። ዓይኑ ውሃ ሞላ፤ መንገዱ ጠፋበት። እግሩ ፍሬኑን ፈልጎ አገኘ። መኪናው ቆመ።

የት እንደቆመ ታውቃላችሁ? ከእናቱ ደጅ አልደረሰም። ከተማዋ መግቢያ ላይ፣ አህዮች ውሃ በሚጠጡበት ቦታ ነው። ከዚያ እስከ እናቱ ደጅ በእግሩ ነው የሄደው። መኪናውን እዚያው ትቶ ሄደ። ለምን በእግሩ እንደሄደ ሲጠይቁት "የመኪናው ድምፅ እንዳይሰማ ነው" ብሏል።

በለጠች ጓሮ ውስጥ እንሰት እየፋቀች ነበር። ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ሲሸብት አላየም ነበር። የተነጋገሩት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው፤ እኔ በአማርኛ ነው የምነግራችሁ።

"እቴ" አላት።

ዞር አላለችም። መፋቋን ግን አቆመች። "ዛሬ መኪናህን አልሰማሁትም" አለች።

"ምን?"

"ሐሙስ ሐሙስ ሥራ አቆማለሁ። እኩለ ቀን አካባቢ። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ከሌላው እለየዋለሁ። እስክታልፍ ተቀምጬ እጠብቅና ከዚያ እቀጥላለሁ። ዛሬ ስትዘገይ መኪናው ተበላሽቶ ይሆን፣ ምን አግኝቶት ይሆን እያልኩ ነበር።"

ሰባት ዓመት ነው፣ ወገኖቼ። እሱ እዚያ ሲደርስ ይበላል፤ እሷ እዚህ ሥራ ታቆማለች። ሁለቱም በአንድ ሰዓት፣ በሁለት መቶ እርምጃ ርቀት።

ሄራሞ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። ብዙ የሚናገረው ነገር አስቦ መጥቶ ነበር። ይቅር በይኝ ሊል፣ ለምን በሰው ፊት ሊል፣ ሙዙ ሊል። ከአፉ የወጣው ግን ጥያቄ ነው።

"ድምፁን ሰማች ያልሽው እውነት ነው? ወይስ በንዴት ነው?"

በለጠች ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "እውነት ነው" አለች። "ሰምታለች። 'መጣ' ብላለች።"

ሄራሞ ራሱን ነቀነቀ።

"ግን ግማሹን ነው የነገርኩህ።"

ቀና አለ።

"መኪናው ሲያልፍ እሷም ሰማች። ማለፉን ሰማች። እኔ ተናድጄ ተነሣሁ። እሷ እጄን ያዘችኝ። 'ተዪው፣ ጭነት ይዟል፤ በሰላም ይግባ' አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ተኛች። የመጨረሻ ቃሏ እሱ ነው። በሰላም ይግባ።"

"ይህን ለምን አልነገርሽኝም?"

"ድንኳኑ ውስጥ ግማሹን ብቻ ነው የፈለግኩት። አንተ እንድትቃጠል ነው የፈለግኩት። ድንኳኑ ሳይነቀል ነው የጸጸተኝ። ከዚያ ይመጣል፣ ሲመጣ እነግረዋለሁ አልኩ። አንተ ደግሞ ታልፋለህ።"

"ስልክ አልነበረሽም?"

"አንተስ?"

ማልቀሳቸውን አልተርክላችሁም፤ እናንተው ታውቁታላችሁ። እሷ ቀድማ ተነሣች። ወደ ቤት ገብታ ጎመንና ትኩስ ቆጮ ይዛ ወጣች፤ በትንሽ ሳህን፣ ካለው። "ትበላለህ?" አለችው።

ሄራሞ ሊመልስ አፉን ሲከፍት አንድ ነገር ተሰማው። ሆዱ ውስጥ፣ ታች፣ ባዶ የሆነ ነገር። ለረጅም ጊዜ ያልተሰማው ነገር ስለሆነ ምን እንደሆነ ወዲያው አላወቀውም።

"ራበኝ" አላት፣ በመገረም። "እቴ፣ ርቦኛል።"

የቀረበለትን በላ፤ ሲጠግብ አቆመ። ሳህኑ ላይ ተረፈ። እጁ ወደ ተረፈው አልሄደም። ወደ አዲስ አበባ የገባው ዘግይቶ ነው። እትዬ ፋንታዬ ስልክ ደውላ "የት ቀረህ?" ስትለው "ቤት ነበርኩ" አላት፤ እሷም ሁለተኛ አልጠየቀችም።

አሁን አንድ ነገር ላስተካክል። ከእህቱ ታረቀና ስኳሩ ጠፋ ብሎ የሚያወራ ሰው ብትሰሙ እኔ አላልኩም። ከሦስት ወር በኋላ ሲመረመር ሲስተር ትርሲት ውጤቱን ሁለቴ አየችው። ወርዷል። ጨርሶ ግን አልወረደም። ካሮቱን አልተወም፤ በእግሩ መሄድም ጨመረችበት። ሐኪም ያዘዛችሁ ኪኒን ካለ ዋጡ። ቡታጅራ ላይ ደግሞ እስከ ዛሬ እጁ ይሄዳል፤ እዚያ ምንም የተደበቀ ነገር የለም፣ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ብቻ ነው። ሁሉም ረሃብ ምሥጢር አለው አላልኳችሁም።

አንዳንዱ ግን አለው።

ይህን ዛሬ የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገ ጠዋት ሁለት አውቶቡስ ሞልታችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ትሄዳላችሁ። ስድስት ሰዓት፣ ምናልባት ሰባት ሰዓት ተቀምጣችሁ ትውላላችሁ። ዛሬ ማታ ስንቅ ታዘጋጃላችሁ። የመዘምራን እናቶች ሆይ፣ እባካችሁ ለልጆቹ ብስኩት በካርቶን አትጫኑ። ካሮት እጠቡ። ዘይቱን ወቅቱ ነው፤ መንገድ ላይ ስታገኙ ግዙ። ንፍሮ ቀቅሉ፤ በእፍኝ፣ በእፍኝ አድርጋችሁ ቋጥሩት። ውሃ ያዙ። ሰውነታችሁ የተሰጣችሁ ነው፤ እንደተሰጣችሁ ያዙት። ይህን ስናገር መንፈሳዊ ያልሆነ ነገር የተናገርኩ የመሰለው ሰው ካለ፣ ሄራሞን ፍሬን ስለሚረግጥበት እግር ይጠይቀው።

ግን የስንቁን ዓይነት ለውጣችሁ ብቻ እንዳትቀሩ። ሄራሞ በካሮቱ ቢያቆም ኖሮ፣ በካሮት አፉን እየያዘ፣ ጤነኛ ሆኖ፣ እስከ ዕድሜው መጨረሻ በዚያ ደጅ ያልፍ ነበር። እህቱም ሌላውን ግማሽ ቃል ይዛ ትቀበር ነበር። በሰላም ይግባ የሚለውን የእናቱን ቃል ማን ይነግረው ነበር?

ስለዚህ ነገ፣ አውቶቡሱ ሲነሣ፣ እጃችሁ ወደ ፌስታሉ ሲሄድ፣ አትቆጡት። እጅን መቆጣት ዋጋ የለውም። ትንሽ ያዙትና ጠይቁት። ርቦኛል? ከራባችሁ ብሉ፤ በደስታ ብሉ። ካልራባችሁ ደግሞ ጠይቁ። የት ደርሰናል? የማን ከተማ ነው? በመስኮቱ ያለፈው ማን ነው? አሁን ስልኬ ላይ የማን ስም አይቼ ነው ስልኩን አስቀምጬ ብስኩቱን ያነሣሁት? ስንቶቻችን ነን በምግብ ብቻ ሳይሆን በወሬ፣ በሥራ፣ በስልክ፣ እንዲያውም በመዝሙር ጭምር አፋችንን ይዘን በአንድ ሰው ደጅ የምናልፍ? ቁጡ ስለሆናችሁ አይደለም። ክፉዎች ስለሆናችሁም አይደለም። ያቆሰላችሁን ቃል እንደገና መስማት ስለሚያስፈራ ነው።

የሚያስፈራው ግን ግማሹ ብቻ ይሆናል። ሌላው ግማሽ ምን እንደሆነ አታውቁም። እኔም አላውቅም። በሌላ ሰው አፍ ውስጥ ነው ያለው። ምናልባት ከምታውቁት የከፋ ነው፤ ሁልጊዜ በጎ ይሆናል ብዬ አልዋሻችሁም። ምናልባት ደግሞ የሰባት ዓመት ሸክም የሚያራግፍ ነው። ሳይጠይቁ የሚታወቅበት መንገድ የለም።

ማወቅ አትፈልጉም?

እጃችሁ የት ቦታ ላይ እንደሚሄድ ስታገኙ፣ ለእኔ አትንገሩኝ። ምስክርነት ብላችሁ መድረክ ላይም አትውጡበት። ከአውቶቡሱ ስትወርዱ፣ ጥግ ፈልጋችሁ፣ ለዚያ ሰው ደውሉለት። ቁጥሩ አላችሁ።